መርዶ ስንት ጊዜ ይነገራል?

ባገራችን መርዶ የሚነገርበት ሥርዐት አለው። ልጅ ወይም ወንድም የሞተበት ሰው ነገሩን እንደ ገበያ ወሬ በመንገድ ላይ እንዲሰማው አይደረግም። ዘመድና ጎረቤት በምስጢር ይጠራራል፤ ማን እንደሚናገር፣ ማን ካጠገቡ እንደሚቆም ይመካከራል፤ ባለ ኀዘኑ ሕመምተኛ እንደ ሆነም አስቀድሞ እህል እንዲቀምስ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ጎሕ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። በዚያ ሰዓት የተሰበሰበ ሰው በደጁ ያየ ሁሉ፣ ቃል ሳይነገረው ነገሩን ያውቀዋል። ይህ ልማድ ባሕር ተሻግሮ እንኳ አልጠፋም። በአሜሪካ በዋሺንግተን ከተማና ባካባቢዋ የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ ከመካከላቸው ባንዱ ላይ ካገር ቤት ሞት ሲመጣበት፣ ብዙውን ጊዜ በስልክ አይነግሩትም፤ ወዳጆቹ ተጠራርተው ከቤቱ ድረስ ሄደው ይነግሩታል እንጂ።

ይህን ሥርዐት ያቆሙልን አባቶችና እናቶች ሁለት ነገር አስተውለዋል። አንደኛው፣ እውነት መነገር አለበት። ሁለተኛው፣ እውነቱ ከባድ እንደ ሆነ ከሰሚው ጋራ አብሮ የሚሸከም ሰው ያስፈልጋል። ነገር ግን ሥርዐቱ በሙሉ የቆመው መርዶ አንድ ጊዜ ብቻ ይነገራል በሚል አሳብ ላይ ነው። የሰማ ሰው ያለቅሳል፤ ሰልስት ያወጣል፤ አርባ ያወጣል፤ ቀስ በቀስም ኀዘኑ ከልቡ ጋራ ይላመዳል። የነገሩትን ለሚረሳ ሰውስ? ጧት የሰማው ማታ ለሚጠፋበት ሰው፣ መርዶው ስንት ጊዜ ይነገራል?

ይህን ጥያቄ ለክርክር ጨዋታ ብዬ የፈጠርሁት አይደለም። በጎባ ከተማ፣ በእናቴ ቤት፣ ሰባት ዓመት ሙሉ የገጠመኝ ጥያቄ ነው።

እኔ በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁ፣ ከዚያም ጡረታ እስክወጣ ድረስ የባሌን ልጆች ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ። በተማርሁበት ትምህርት ቤት ከሁሉ አብልጦ የሚጠላው ነገር ውሸት ነበር። እርሳስ የሰረቀ ልጅ ጥፋቱን ቢያምን ይማር ነበር፤ የካደ ግን ለስርቆቱም ለክሕደቱም ይቀጣ ነበር። እኔም መምህር ከሆንሁ በኋላ ይህንኑ ደንብ ለተማሪዎቼ አስተላለፍሁ። ከዚህ ቀጥዬ የምናገረውን ጥፋት የሠራሁት እንግዲህ በክፉ አሳብ ሳይሆን በመልካም ሕግ ነው። ይህንም የምለው ራሴን ለማዳን አይደለም። ሰው በክፉ አሳቡ ከሚበድለው ይልቅ ያለቦታው ባዋለው መልካም አሳብ የሚበድለው እንደሚበዛ ስላየሁ ነው።

ታላቅ ወንድሜ በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋራ በተደረገው ጦርነት ሞተ። ጦርነቱ የባሌን ቆላ ጭምር የነካ ስለ ነበር በዚያ ዘመን በብዙ ቤት መርዶ ገብቷል። የእኛም ቤት ተራ በደረሰ ጊዜ ሽማግሌዎች በሥርዐቱ መጡ። እኔ ያን ጊዜ በመምህራን ማሠልጠኛ ስለ ነበርሁ የሆነውን የነገረችኝ ታናሽ እኅቴ ናት። የጎባ ውርጭ በሣሩ ላይ እንደ ጨው ተነስንሶ ነበር አለችኝ። እናታችን በሩን ከፍታ የሰውን ብዛት አየች፤ ቀጥሎም «የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀች። ሁለታችንም ወንዶች ልጆቿ ከቤት ርቀን ነበርና። ጥቁር ለብሳ ዓመት ተቀመጠች፤ ካወለቀችውም በኋላ ስሙን በጸሎት ካልሆነ በቀር አታነሣም ነበር።

የመርሳት ሕመሙ የጀመራት በ2009 ዓ.ም. ገደማ ነው። አስቀድመው ያወቁት እኛ ልጆቿ ሳንሆን አብረዋት ቡና የሚጠጡ ጎረቤቶች ነበሩ። እናቴ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን አጠጥታ ከጨረሰች በኋላ ተነሥታ እንደ ገና ጥሬ ቡና ታጥብ ጀመር። ከጎረቤቶቿ መካከል አርባ ዓመት በቡና የተወዳጇት አንዲት ሙስሊም አሮጊት ነበሩ። እኒህ ሴት ሁለተኛው አቦል ሲቀዳላቸው ልክ እንደ መጀመሪያው ተቀብለው፣ መርቀው ይጠጡ ነበር። ሌሎቹንም በዐይናቸው ጠቅሰው ዝም ያሰኟቸው ነበር። እኔ ይህን በሰማሁ ጊዜ «ለምን አይነግሯትም? ይህ ማታለል አይደለምን?» ብዬ ተቈጣሁ። የዚያ ዝምታ ትርጉም የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ነገሩ እየከፋ ሄደ። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሰፈሯን ስታ ወደ ሳነቴ በሚወጣው መንገድ ስትሄድ እረኞች አግኝተው መለሷት። ሳነቴ ከባሕር ወለል በላይ 4000 ሜትር የሚደርስ አምባ ነው፤ እዚያ ብታድር ኖሮ ብርዱ በጨረሳት ነበር። እረኞቹ ወዴት እንደምትሄድ ቢጠይቋት «ልጄን ከትምህርት ቤት ላመጣ ነው» ብላቸዋለች።

ሰውም እንደ ልማዱ ስም ያወጣለት ጀመር። አንዱ ጃጀች አለ፤ አንዱ መንፈስ ነው፣ ሌላው ደግሞ የሰው ዐይን ነው አለ። እኛ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት፤ ይህንም ለማንኛውም ቤተ ሰብ እመክራለሁ። ምክንያቱም የመርሳት ሕመም የሚመስል፣ ግን በመድኃኒት ሊሻል የሚችል ብዙ ነገር አለ። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መድከም፣ የቫይታሚን ቢ 12 ማነስ፣ ከባድ የመንፈስ ጭንቀት፣ የሽንት ቧንቧ ሕመም፣ አንዳንድ መድኃኒት፣ ወድቆ ራስን መመታት፣ እነዚህ ሁሉ ሽማግሌን ያደናግራሉ። «እርጅና ነው» ብሎ መተው ሊድን የሚችለውን ሰው ሳይድን ማስቀረት ነው። የእናቴ ሕመም ግን ከነዚህ አንዱ አልነበረም። ተመርምራ ሲያበቃ የተነገረን አልዛይመር ነው።

ስሙ የተገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። ይህ ሰው በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1901 በፍራንክፈርት ከተማ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አውጉስተ ዴተር የተባለች የ51 ዓመት ሴት ተቀበለ። ስሟን ቢጠይቃት አውጉስተ አለች፤ የባሏን ስም ቢጠይቃትም ያንኑ የራሷን ስም መለሰችለት። ጻፊ ቢላት መጻፉ እምቢ ባላት ጊዜ ራሷን እንዳጣች ነገረችው። በ1906 በሞተች ጊዜ አልዛይመር አንጎሏን በአጕሊ መነጽር መርምሮ በሕዋሳቱ ውስጥና መካከል ያየውን እንግዳ ነገር በዚያው ዓመት በቱቢንገን በተደረገ የሐኪሞች ጉባኤ ላይ አስረዳ። በ1910 ኤሚል ክሬፔሊን የተባለው ሐኪም በመጽሐፉ ውስጥ ሕመሙን በአልዛይመር ስም ጠራው።

ዛሬ ሊቃውንቱ አሚሎይድና ታው የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች በአንጎል ውስጥ እየተከማቹ ሕዋሳቱ እንዲሞቱ እንደሚያደርጉ ይናገራሉ። ሕመሙ አስቀድሞ ከሚያጠቃቸው ቦታዎች አንዱ አዲስ ነገር በትዝታ የሚቀመጥበት ክፍል ነው። ይህን ለማስረዳት ያገራችን የገብስ ጎተራ ይበቃል። ከጎተራ ከላይ ሲቀዳ አስቀድሞ የሚያልቀው ኋላ የገባው እህል ነው፤ በሥር ያለው፣ መጀመሪያ የገባው ግን ብዙ ጊዜ ይቆያል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የመርሳት ሕመም ነበረባቸው፤ ከነዚህም ከመቶው ከ60 የሚበልጠው የሚኖረው በድኻና በመካከለኛ አገሮች ነው። የሚያድን መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። አንዳንድ መድኃኒት ምልክቱን ለጊዜው ያቀልላል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአሜሪካ የተፈቀዱ አዳዲስ መድኃኒቶችም ሕመሙን ገና በጅምሩ ለተገኘበት ሰው ጉዞውን ጥቂት ያዘገያሉ እንጂ አያቆሙትም፤ ዋጋቸውም እጅግ ውድ ነው።

ከእናቴ ጎተራ ወንድሜ የሞተበት ዓመት ተቀድቶ አለቀ፤ የተወለደበትና ያደገበት ዘመን ግን በሥር ቀረ። ከዚህም የተነሣ በየምሽቱ ልጇን ትጠብቅ ጀመር። «ልጁ ዘገየ፤ እራቱ ቀዘቀዘ» ትላለች፤ ወደ በሩ ትሄዳለች፤ ትመለሳለች።

እኔ የምኖረው በሮቤ ነው። ከጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በሳምንት አንድ ቀን እየሄድሁ እጠይቃታለሁ፤ ገንዘብ እሰጣለሁ፤ ምክር እሰጣለሁ፤ ተመልሼም በሰላም እተኛለሁ። የምታጥባት፣ የምታጐርሳት፣ ሌሊት ስትነሣ አብራት የምትነሣው እኅቴ ነበረች፤ ለዚህም ስትል የቅመም ንግዷን ተወች። ይህን የምናገረው ጥፋቴ በማን ትከሻ ላይ እንደ ወደቀ እንዲታወቅ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደርሼ ተቀምጬ ሳለሁ እናቴ ልጇ ለምን እንደ ዘገየ ጠየቀች። እኅቴ «ይመጣል እማዬ» አለቻት። እኔ ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልሁም። እናቴን እንደ ሕፃን ማታለል ክብሯን መግፈፍ መስሎ ታየኝ። «እማዬ፣ እሱ እኮ ሞቷል፤ በ1970 ነው የሞተው፤ አንቺም አልቅሰሽለታል» አልኋት።

ያን ጊዜ የሆነውን ባልናገረው በወደድሁ። እናቴ ለረዥም ጊዜ አየችኝ። ከዚያም ከመደቡ ወርዳ ደረቷን እየደቃች ጮኸች። «መቼ ሞተ? ሳልቀብረው? ማን ነገረኝ?» እያለች ጮኸች። ጎረቤት ሁሉ በቤቱ ውስጥ ሰው የሞተ መስሎት እየሮጠ መጣ። እንዲያውም ሞቶ ነበር፤ ለእርሷ ወንድሜ የሞተው በዚያች ደቂቃ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ካለቀሰች በኋላ ዝም አለች። ጥቂት ቈይታም፣ እንባው ካገጯ ሳይደርቅ፣ ቀና ብላ «ልጁ ገና አልመጣም?» አለች። እኔም እልኸኛ መምህር ነኝና እንደ ገና ነገርኋት። በዚያ ቀን ሦስት ጊዜ ነገርኋት፤ ሦስት ጊዜም አለቀሰች። በሦስተኛው እኅቴ እጄን ይዛ ወደ ደጅ አወጣችኝና «ጋሼ፣ ሽማግሌዎቹ አንድ ጊዜ ነገሯት። አንተ ልጇን ስንት ጊዜ ልትገድልባት ነው?» አለችኝ።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የምከራከርበት ምክንያት ግን አልጠፋኝም። አውግስጢኖስ ስለ ውሸት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ለመልካም ነገር የተነገረ ውሸት እንኳ ኃጢአት መሆኑን አስተምሯል። ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንትም በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1797 በጻፈው ድርሰት፣ ነፍሰ ገዳይ ወዳጅህን አሳዶ መጥቶ «ከቤትህ ውስጥ አለን?» ብሎ ቢጠይቅህ ለእርሱ እንኳ መዋሸት አይገባህም ብሏል። ለብዙ ሰው ይህ ጭካኔ መስሎ ይታየዋል፤ ነገር ግን ከበስተኋላው ያለው አሳብ የሚናቅ አይደለም። የሰው ቃል መታመኑ ከቀረ ሰው ከሰው ጋራ መኖር አይችልም። እኔም ዛሬ ድረስ ይህን አልክድም።

ነገር ግን ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አንድ ነገር ታየኝ። እነዚያ ሊቃውንት ስለ ቃል ሲናገሩ በአሳባቸው የነበረው ቃልን ተቀብሎ የሚያኖር ሰው ነው። እውነትን ለሰው የምንነግረው እውነቱን ይዞ የሚሠራው ነገር ስላለ ነው፤ ይቀብር ዘንድ፣ ያለቅስ ዘንድ፣ ቤቱን ያሰናዳ ዘንድ፣ ከማይቀረው ነገር ጋራ ይስማማ ዘንድ። ለእናቴ ግን ከነገርኋት ውስጥ የደረሳት ሕመሙ ብቻ ነው፤ ዕውቀቱ አልደረሳትም። ቁስሉን ሰጠኋት፤ ቁስሉ የሚሽርበትን ጊዜ ልሰጣት ግን አልቻልሁም። ያገራችን ሰው እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላል። እናቴ ባለችበት አገር ግን ንጋት የለም፤ እውነቱ እያደር አይጠራም፤ በየቀኑ ከጨለማ እንደ አዲስ ይወጣል እንጂ።

ታዲያ እንዲህ ከሆነ ለሕመምተኛ እንደ ልብ መዋሸት ይፈቀዳልን? እዚህ ላይ አንባቢዬ ከእኔ ጋራ ጥቂት እንዲታገሥ እለምናለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ በር ሌላም ነገር ሊገባ ይችላልና።

በዚያው ዓመት የእናታችንን ቤትና ቦታ ነገር የሚያነሣ ዘመድ መጣ። «ነገ ከነገ ወዲያ እንዳትጣሉበት፣ ጣቷን በወረቀት ላይ አስነኩና ይለቅ፤ የክሊኒክ ወረቀት ነው ብትሏት ታስነካለች» አለን። እኔ ይህን አሳብ ወዲያው አባረርሁት ብዬ ብጽፍ እዋሻለሁ። አንድ ሳምንት ያህል አሰብሁበት። ለራሴም «ለማይረዳ ሰው እውነት አይጠቅመውም ብለህ የለምን?» አልሁት። ያን ጊዜ ነው ነገሩን በሁለት መክፈል እንደሚገባኝ የተረዳሁት።

ስለ ልጇ ሞት ያልነገርናት እንደ ሆነ ከዝምታው የሚያተርፈው ማን ነው? እርሷ ናት፤ ከሥቃይ ታርፋለች። በሐሰት ጣቷን ያስነካናት እንደ ሆነ የሚያተርፈው ማን ነው? እኛ ነን። ሁለቱም ከውጭ ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ፤ በውስጣቸው ግን አንዱ መሸከም፣ ሁለተኛው መስረቅ ነው። ስለዚህ ለራሴ ያወጣሁት ደንብ ይህ ነው፤ ሕመምተኛው ሊሸከመው የማይችለውን እውነት ልንይዝለት እንችላለን፤ የእርሱ የሆነውን ነገር ግን ስላላወቀ ልንወስድበት አይገባንም። ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ገላው የሚሆነውን ሁሉ፣ ጥቂት እንኳ የሚረዳ ከሆነ በሚረዳው መጠን ልንነግረው ይገባል። የማይረዳም ከሆነ እያየን ነው ብለን እንደምናምን አድርገን ልንሠራ ይገባል። የቤቱም ነገር እናቴ እስክታርፍ ድረስ ሳይነካ ቈየ።

ከመርዶና ከሐሰት መካከል ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ያሳየችኝ ግን ፍልስፍና ሳትሆን ያቺ ቡናዋን ሁለት ጊዜ የምትጠጣ ጎረቤት ናት። እኒህ ሴት ፊደል አልቈጠሩም። ከዚያ ክፉ ቅዳሜ በኋላ ሄጄ ሳለሁ ከእናቴ አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እናቴም እንደ ልማዷ «ልጄን አላያችሁትም?» አለች። እኔ የሚሉትን ለመስማት ዝም አልሁ። ሴትዮዋ አልመጣም አላሉ፤ ሞቷልም አላሉ፤ ይመጣልም አላሉ። የእናቴን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በኦሮምኛ እናትን በሚጠሩበት ቃል ጠርተው «አዮ፣ ያ ልጅ እንዴት ያለ ልጅ ነው? እስቲ አጫውቺኝ» አሏት።

እናቴም ጀመረች። ጭኮ እንደሚወድ፣ በእሸት ጊዜ ከገብስ ማሳ ውስጥ ጎትተው እንደሚያወጡት፣ ጥጃ ሲታመም አብሮ እንደሚያድር ተናገረች። እኔ ወንድሙ የማላውቀውን ተናገረች። ሲጨርሱ ልጁ የት እንዳለ መጠየቋን ትታ ነበር። ያን ጊዜ የገባኝ ነገር፣ ጥያቄዋ የልጁን መገኛ የሚፈልግ ጥያቄ አለመሆኑን ነው። እናት ልጇን ስትናፍቅ የምትለው ሌላ ቃል ስለሌላት «የት አለ?» ትላለች። እኔ ለቃሏ መለስሁላት፤ ጎረቤቷ ግን ለናፍቆቷ መለሱላት። በእውነት የመለሰላት ማን ነው ቢባል እኔ አይደለሁም።

ከዚያም ወዲያ በቻልሁ መጠን እንዲሁ አደረግሁ። አጥብቃ በጠየቀችኝ ጊዜ ግን «በእግዚአብሔር እጅ ነው እማዬ» እላታለሁ። ይህን የምለው እንደማምነው ነውና ሐሰት አልተናገርሁም፤ እርሷም በዚህ ታርፍ ነበር። እኅቴ ግን «ትምህርት ቤት ነው፤ ይመጣል» ትላታለች። በዚህ ከእኅቴ ጋራ እስከ መጨረሻው አልተስማማንም፤ ነገር ግን መፍረዴን ተውሁ። በሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ያለቀሰችን እናት ለማስተኛት የተነገረችን አንዲት ቃል፣ ሮቤ ተኝቶ ባደረ ሰው ሚዛን መመዘን ፍርድ አይደለም።

አሁን ከሁሉ የከበደኝን ልናገር። ባንድ የጥቅምት ቀን ወደ ቤቷ ስገባ እናቴ ከመደቡ ብድግ አለችና ነጠላዋን አስተካክላ «ይግቡ አባቴ፤ ቤት ለእንግዳ ነው። ከወዴት መጡ?» አለችኝ። እድሜዬን ሙሉ «አንተ» ያለችኝ እናቴ «እርስዎ» አለችኝ። በስድብ ብታባርረኝ እንደዚያች አክብሮት ባላቈሰለኝ ነበር። «እማዬ፣ እኔ ነኝ እኮ! ልጅሽ ነኝ!» አልሁ፤ ደጋግሜም አልሁ፤ ድምፄም ከፍ አለ። እርሷም ፈርታ ወደ እኅቴ ፊት ተመለከተች።

በዚያች ቅጽበት ያለፈውን ሁሉ እንደ ገና አየሁት። ለእናቴ ያን ያህል እውነቱን ልንገር ብዬ የተጣላሁት በእውነት ስለ እውነት ብዬ ነበርን? አይደለም። ወንድሜ መሞቱን እንድታውቅ የፈለግሁት የቀድሞዋን እናቴን፣ የምታውቀዋን፣ የምታስታውሰዋን ስለ ፈለግሁ ነው። «አዎን ልጄ፣ ረስቼው ነው» እንድትለኝ ነበር የምጠብቅ። እውነትን የካድሁት እኔ ነበርሁ። በዚያ ቤት ውስጥ አንድ መርዶ ሳይነገር ቀርቶ ነበር፤ ይኸውም ያች እናት ከእንግዲህ አትመለስም የሚለው ነው። መርዶውም የሚነገረው ለእርሷ ሳይሆን ለእኔ ነበር። ነገር ግን ለዚህ ዓይነቱ መርዶ ጎሕ ሲቀድ የሚመጣ ሽማግሌ የለም፤ ድንኳን አይተከልም፤ ዕድር ወንበር አያመጣም። ሰውዬው በሕይወት አለና ማልቀስ ነውር ይሆናል። እንደ ቀድሞው ሰው ስለሌለ ደግሞ መደሰት አይቻልም። ቤተ ሰብም ኀዘኑን የሚያኖርበት ስለሚያጣ ወደ ቍጣ ይለውጠዋል፤ ቍጣውንም በሕመምተኛው ላይ ወይም በአስታማሚው ላይ ያወርደዋል። እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ይህን ከተቀበልሁ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጥያቄ ካጠገቧ መቀመጥ ቻልሁ። «ከወዴት መጡ?» ስትለኝ «ከሮቤ ነው እናቴ፤ ልጠይቅዎት ነው» እላታለሁ። «ሰው መጠየቅ ጥሩ ነው» ትለኛለች። ሁለቱም እውነት ነው። ልጅነቴን ባታውቀውም እጄን ትይዘኝ ነበር፤ እጄም የማን እንደ ሆነ ለማወቅ እኔ በቂ ነበርሁ።

እናቴ በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር ዐረፈች። እኅቴ በስልክ አልነገረችኝም። ከጎባ ሽማግሌዎች ጋራ ተነሥታ ገና ሳይነጋ ከሮቤ ደጄ ላይ ቆመች፤ እኔም በሩን ከፍቼ የሰውን ብዛት አየሁ። ከብዙ ሰው ጋራ፣ በሥርዐቱ፣ አንድ ጊዜ ተነገረኝ። በድንኳኑ ውስጥ ብዙ ሰው «ተገላገለች፤ እናንተም ተገላገላችሁ» አለን። ለማጽናናት እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ከፊሉም እውነት ነው። ነገር ግን በሦስተኛው ምሽት እኅቴ ከለቀስተኛው መካከል ድንገት ብድግ ብላ የግቢውን በር ልትዘጋ ሄደች፤ እናታችን እንዳትወጣ። ከመንገድ ስትመለስ ፊቷን ያየ ሰው መገላገል የሚለውን ቃል ደግሞ አይናገርም ነበር።

እንግዲህ አንባቢዬ ሆይ፣ በቤትህ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያለህ እንደ ሆነ ካጠፋሁት ተማር። የሕመምተኛውን ቃል ሳይሆን ናፍቆቱን አድምጥ። የሚረሳውን ሰው አትፈትነው፤ «እኔን ታውቂኛለሽ?» ብለህ አትጠይቅ፤ ይህ ጥያቄ ለራስህ እንጂ ለእርሱ የሚጠቅም አይደለምና። አለማወቁን ለጥቅምህ አታውለው። ለአስታማሚዋ እኅትህ ምክር ከመስጠትህ በፊት አንድ ሌሊት በእርሷ ቦታ እደር። በቤትህ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ የሌለህ እንደ ሆነ ደግሞ፣ በሰፈርህ ያለውን ቤት ዕወቅ። ዕድራችን ለሞተ ሰው ድንኳን ለመትከል ሦስት ቀን ሥራውን ይተዋል፤ ይህ የተመሰገነ ነው። ሰባት ዓመት ለሚያስታምም ቤት ግን በሳምንት ግማሽ ቀን ተቀምጦ ሕመምተኛውን የሚጠብቅ፣ አስታማሚዋ ገበያ ደርሳ እንድትመለስ የሚያደርግ አንድ ሰው ቢልክ ምን ይከብደዋል? ከድንኳኑ በፊት ያለው ለቅሶ ይህ ነው።

መርዶ ስንት ጊዜ ይነገራል ብዬ ለጠየቅሁትም መልሴ ይህ ነው፤ መሸከም ለሚችል ሰው አንድ ጊዜ፣ በጊዜው፣ ከሰው ጋራ ሆኖ ይነገራል። መሸከም ለማይችል ሰው ግን አይነገርም፤ የምናውቀው እኛ እንሸከምለታለን። እናቴ የወንድሜን ሞት በመጨረሻው ዘመኗ አላወቀችውም። እኛ እናውቀው ነበር፤ ያም ይበቃ ነበር።